በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ትጋት

የረጅም ርቀት ጀማሪዎችን ማሰልጠን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አማኝም ነኝ። ስለዚህ አንድ ሰው መንፈሳዊ ሕይወትን ከሩጫ ጋር ሲያመሳስል ጆሮዬን እሰጣለሁ። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ጳውሎስም ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። የሚያናድደኝ ግን ብዙው ተናጋሪ ከሩጫ የሚያውቀው የመጨረሻውን ዙር ብቻ መሆኑ ነው። ያንን አይቶ ሰው ይመክራል፣ ምክሩም ሰው ይሰብራል።

ሲናገሩ ከምሰማቸው ስህተቶች ትናንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው።

«ጳውሎስ ሰውነትን ማሰልጠን አይጠቅምም ብሏል።» አላለም። «ለጥቂት ይጠቅማል» ነው ያለው (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ላይ «እግዚአብሔርን ለመምሰል ራስህን አስለምድ» ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ግስ ራሱ የስፖርተኞች ቃል ነው። ዛሬ ጂም የምንለው ከዚያው ሥር የመጣ ነው።

«የሚያሸንፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ስታዲየም ውስጥ አዎ። ጳውሎስ ግን ሩጫውን ጨርሶ አክሊሉን ሲጠብቅ «ለእኔ ብቻ አይደለም» ይላል። እባካችሁ በጾም አትፎካከሩ።

«ጸጋ ካለ ልምምድ ምን ያደርጋል?» ሯጭ ሳንባውን አልፈጠረም፤ ተሰጠው። ልምምድ የተሰጠውን መጠቀም ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10ን ተመልከቱ፤ «ከሁላቸው ይልቅ ደከምሁ» እና «ጸጋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው። «ጨክን! ካላመመህ አልሠራህም!» ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ምርጥ የማራቶን ሯጮች በሳምንት ከሚሮጡት ኪሎ ሜትር አብዛኛውን የሚሮጡት ዝግ ብለው ነው፤ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር እያወሩ ሊሄዱ በሚችሉበት ፍጥነት። ከባዱ ልምምድ በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም የሚጨምረው፣ ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚበዙት በአብዛኛው በዚህ በማያስጨበጭብ ሩጫ ነው። ሌላም አለ። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ይሻሻላል፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪው ትንፋሹ ተከፍቶለት «ጨምር» ሲለው እግሩ ገና ነው። ብዙዎቹ የሚጎዱትም ያኔ ነው።

ከጉባኤ ወይም ከንስሐ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ትንፋሽ ነው፤ ጠባይ ደግሞ ጅማት።

አብሮኝ የሚሮጥ አንድ ልጅ አለ። ከአንድ ጉባኤ ሲመለስ በየሌሊቱ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ሊጸልይ ቃል ገባ። አሥራ አንድ ሌሊት ቻለ። በአሥራ ሁለተኛው እንቅልፍ ጣለው። ከዚያ ሁለት ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ድሮ ከመተኛቱ በፊት የሚጸልያት አምስት ደቂቃም ቀረች፤ ምክንያቱም አፈረ። «እግዚአብሔርን ዋሸሁት» አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። እኔም «በመጀመሪያው ሳምንት 30 ኪሎ ሜትር አስሮጬህ ነበር?» አልኩት። ዝም አለ።

የሰጠሁት ፕሮግራም ይኸው ነው፤ ለእናንተም ይሆናል። ጠዋት አሥር ደቂቃ። አንድ የዳዊት መዝሙር፣ ከዚያ ጸሎት። ደስ ቢልህም ባይልህም ያው አሥር ደቂቃ። ሞቅ ብሎህ ሰዓት ብትቆይ ጥሩ፣ ነገ ግን ወደ አሥሯ ትመለሳለህ። አንድ ቀን ካመለጠህ ማካካሻ የለም። ይህ ሯጮች ሁሉ የሚያውቁት ሕግ ነው፤ የትናንቱን በዛሬው ላይ የደረበ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ከሁለት ወር በኋላ አምስት ደቂቃ እንጨምራለን። ልጁ «ይቺማ ትንሽ ናት» ብሎ ቅር አለው። ግን ዓመት ሊሞላው ነው፣ አላቋረጠም።

«እረፍት ስንፍና ነው» የሚሉትም ከዚሁ ቤት ናቸው። ሰውነት የሚጠነክረው ስንሮጥ አይደለም፤ ሮጠን ስናርፍ ነው። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን አልተቆጡትም። ተኛ፣ መልአክ ቀሰቀሰው፣ በላ፣ እንደገና ተኛ፣ እንደገና በላ። 40 ቀን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጨረሻው፦ «ጠንካራ አማኝ ብቻውን ይሮጣል።» ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኪፕቾጌ በ2019 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ1:59:40 ሲጨርስ 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ ነፋሱን ይከልሉለት ነበር። በጊዜው በምድር ላይ ከነበሩት ሁሉ ጠንካራ የሚባለው የማራቶን ሯጭ እንኳ ነፋሱን ብቻውን አልተጋፈጠም።

ያ ልጅ ጸሎት ሲከብደው ይደውልልኛል። እኔ እጸልያለሁ፣ እሱ አሜን ይላል። ባለፈው ሳምንት የደወልኩት እኔ ነበርኩ።