የቪም ኢንስታለር፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ሥራ

ቪም ነጻ ቴክስት ኤዲተር (ጽሑፍና ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ነው። ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለአሚጋ ኮምፒውተር ነበር ያወጣው። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ፣ ለማንም ክፍት ነው። ግን ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ሶርስ ኮድ ምን ይሠራለታል? እሱ የሚፈልገው "ኔክስት፣ ኔክስት" እያለ የሚጭነውን አንድ ፋይል፣ ኢንስታለሩን ነው። ያንን ፋይል የሚያዘጋጁት ደግሞ በፈቃደኝነት፣ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ቪም የሚያድገው በትንንሽ ጥገናዎች ነው። እትም 7.4 እ.ኤ.አ. በ2013፣ እትም 8.0 በ2016 ወጡ። በመካከላቸው ከ2300 በላይ ጥገናዎች ገብተዋል። ዋናው ኢንስታለር ግን በየጥገናው አይታደስም ነበር። ክፍተቱን የሞሉት "ቪም ዊዝአውት ክሪም"ን የመሳሰሉ በግል ተነሳሽነት የተሠሩ ኢንስታለሮች ናቸው። በኋላ ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ሥራው ለማሽን ተሰጠ፤ አዲስ ጥገና ካለ ሌሊት ላይ ራሱ ይገነባል። ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነው ግን ያው ሰው ነው።

ፋይሎቹን የሚያሽገው ኤንኤስአይኤስ ነው፤ የዊንአምፕ ሠሪው ኑልሶፍት ያወጣው መሣሪያ። ማሸጉ ቀላሉ ክፍል ነው። ጣጣው ያለው ሰው ቤት፣ ማለትም ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ነው። ለምሳሌ ፋይል ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ "በቪም አርም" የሚል ምርጫ ይመጣል። ይህን የሚያመጣውን ዲኤልኤል (የፕሮግራም ክፍል የያዘ ፋይል) የዊንዶውስ ፋይል ማሳያ የሆነው ኤክስፕሎረር ከፍቶ ይይዘዋል። የተያዘ ፋይል ደግሞ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ኢንስታለሩ አሮጌውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ መጠበቅ አለበት። ተጠቃሚው ለዓመታት ያስተካከለውን የሴቲንግ ፋይል ከነካበትማ አለቀለት!

ቪም ለአንዳንድ ተጨማሪ ሥራዎች የሚጠቀምበት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተንም የራሱ ጣጣ አለው። ባለ 64 ቢት ቪም ከባለ 32 ቢት ፓይተን ጋር አይሠራም። ተጠቃሚው ግን ይህን አያውቅም። "ኢንስታለራችሁ አይሠራም" ብሎ ይጽፋል፤ መልሱም ለስንተኛ ጊዜ ያው ነው።

ሌላው ራስ ምታት ፋይሉን ማን እንደሠራው የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ነው። ያልተፈረመ ፋይል ሲከፈት የዊንዶውስ ጥበቃ የሆነው ስማርትስክሪን እንደ ሌባ ያስቆመዋል። ለመፈረም የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ከሰኔ 2023 ወዲህ ደግሞ የመፈረሚያው ዲጂታል ቁልፍ በተለየ ሃርድዌር ላይ መቀመጥ አለበት ተብሏል። ደሞዝ ለሌለው ሰው ይህ ቀልድ ነው። ሲግንፓዝን የመሳሰሉ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች በነጻ የሚፈርሙ ባይኖሩ ብዙዎቹ ይተዉት ነበር።

ክፍያ ከተባለ፣ ሞሌናር ለቪም የሚሰጠው እርዳታ በዩጋንዳ ኪባሌ ላሉ ችግረኛ ሕጻናት እንዲውል ነበር የወሰነው። እሱ በነሐሴ 2023 አረፈ። በጥር 2024 የወጣው እትም 9.1 መታሰቢያነቱ ለእሱ ሆነ፤ የዊንዶውስ ኢንስታለሩንም ፈቃደኞቹ አዘጋጁት።