ምጥን መኖ ምንድን ነው? ትልስ ይተካዋል?

«ትልና አንበጣ ምጥን መኖ ነው» የሚለው አባባል ድሬዳዋ ባሉ የጓሮ ዶሮ አርቢዎች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። አንድ አስተያየት ሰጪማ «የደረቀ ትል ፕሮቲኑ 50 በመቶ ነው፣ የጣይ ዶሮ መኖ 17 ቢሆን ነው፤ ታዲያ ፋጉሎና ፉርሽካ ለምን እንገዛለን?» ብሏል።

ወንድሜ፣ ቁጥርህ ብዙም አልሳተም። ግን ምጥን መኖ ፕሮቲን የበዛበት መኖ አይደለም። ዶሮዋ በቀን በምትበላው 110 ግራም ገደማ ውስጥ ጉልበት ሰጪው፣ ፕሮቲኑ፣ ማዕድኑና ቫይታሚኑ ሁሉ በሚያስፈልጋት ልክ የገባበት ነው።

ጣይ ዶሮ በቀን 4 ግራም ገደማ ካልሲየም ትፈልጋለች። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ይወስዳል። ደርቆ የሚሰጠው ትል፣ ማለትም ዱቄት ውስጥ የሚራባው የጥንዚዛ እጭ፣ ደግሞ ካልሲየሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም (የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ በዚህ በኩል ይሻላል)። ቤት ስትሠራ ብረት ቢጎድልህ በምትኩ ሲሚንቶ ብትጨምር ምን ይረባሃል? ዶሮ ደግሞ ብረቱ እስኪመጣ ሥራ አታቆምም። ከቆመው ቤቷ ምሰሶ ብረት እየነቀለች አዲሱን ትሠራለች፤ ምሰሶው አጥንቷ ነው። መጀመሪያ እንቁላሉ ደህና ስለሚመስል ባለቤቱ «አላልኩም?» ይላል። ከዚያ ቅርፊቱ እየሳሳ ሄዶ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል፤ ሲብስባት ዶሮዋ መቆም ያቅታታል። ሲሚንቶው ያን ጊዜም እንደሞላ ነው።

በእኛ ሙቀት ደግሞ ይከፋል። ዶሮ ሲሞቃት መኖ ትቀንሳለች። ቀትር ላይ ትል ከበተናችሁላት እሱን ለቅማ፣ ምጥን መኖዋን ገንዳው ላይ ትታ፣ ክንፏን ከፍታ ጥላ ሥር ታለከልካለች። የትሉ 30 በመቶ ገደማ ቅባት ስለሆነ ያጠግባታል፤ ሲበዛም ጉበቷ ላይ ስብ ይከማቻል። 50 በመቶ የተባለውም ቢሆን ላቦራቶሪ ናይትሮጅን ለክቶ በ6.25 አባዝቶ የሚያገኘው ነው። በትሉ ቆዳ ካይቲን (ፕሮቲን ያልሆነ ጠንካራ ነገር) ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም አብሮ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የተጋነነ ነው።

ትል አትስጡ ማለቴ አይደለም። በቆሎና ፍርፋሪ ለቅማ ለምትውል የሀበሻ ዶሮ ምስጥ ትልቅ ሲሳይ ነው። ላባ በምትቀይርበት ወቅትም ይጠቅማታል። ምጥን መኖ ለምትበላ ጣይ ግን ከዕለት ቀለቧ ከአሥር እጅ አንዱን አይለፍ፤ እሱንም መኖዋን ከበላች በኋላ። ቅርፊቱ በአብዛኛው ሌሊት ስለሚሠራ አመሻሽ ላይ በሌላ ዕቃ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይቅረብላት። ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ አይሆንም፣ ያቃጥላታል። ጉንዳንና ጥንዚዛ የኮሶ ትል ስለሚያስተላልፉ ውጭ የምትለቅም ዶሮ የትል መድኃኒት ያስፈልጋታል። በ2012 ዓ.ም. እንደመጣው ያለ የአንበጣ መንጋ ቢመጣ ደግሞ፣ ኬሚካል ከተረጨበት አካባቢ የተለቀመ አንበጣ ለዶሮ አይሰጥም፤ መርዙ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ሊደርስ ይችላል።