«ላ ቢዳ ብሬቤ» ምንድን ነው?

«የስፔን ጭፈራ» እየተባለ በጊታርም በቫዮሊንም የሚጫወቱት አንድ ታዋቂ ዜማ አለ። እግር የሚያስነሳ፣ ፊት የሚያፈካ። ይህ ዜማ ግን ለብቻው የተሠራ አይደለም፤ «ላ ቢዳ ብሬቤ» ከሚባል ኦፔራ የወጣ ነው። ትርጉሙ «አጭር ሕይወት» ማለት ነው። ኦፔራው ውስጥ ደግሞ ያ ጭፈራ የሚጨፈረው በከዳተኛ ሠርግ ላይ ነው።

ያቀናበረው ስፔናዊው የሙዚቃ ደራሲ ማኑኤል ደ ፋያ ነው፤ ግጥሙ የካርሎስ ፈርናንዴስ ሾው። ታሪኩ የሚሆነው በደቡብ ስፔን ከተማ በግራናዳ ውስጥ ነው፣ አልባይሲን በሚባለው ሰፈር። ሳሉድ ድሃ የጂታኖ (የስፔን ጂፕሲ) ልጅ ናት፣ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። ፓኮ የሚባል የደህና ቤተሰብ ልጅ ትወዳለች። እሱም መጥቶ እወድሻለሁ ይላታል፣ ይምልላታል፤ በጎን ግን ካርሜላ ከምትባል ከእኩያው ሴት ጋር የሠርጉ ቀን ተቆርጧል። አያቷና አጎቷ ያውቃሉ። እሷ አታውቅም። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ታሪኩ ቀጭን ነው ብለው የሚተቹት አሉ፤ እኔ ግን ኃይሉ እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቀሪውን የሚናገረው የሰፈሩ ድምፅ ነው። ገና ሲጀምር ከአያቷ ግቢ አጠገብ የብረት ቀጥቃጮች ቤት አለ። መዶሻው ይሰማል፣ ሰዎቹ አይታዩም። ከዚያ ውስጥ አንድ ወንድ ያንጎራጉራል፤ መዶሻ ሆኖ በመወለድ ፈንታ ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ ሆኖ ለተወለደ ወዮለት ይላል። መጀመሪያ የሥራ ዘፈን ብቻ ይመስላል። በሁለተኛው ክፍል ግን ሳሉድ ራሷ ትደግመዋለች።

እንዴት መሰላችሁ? የካርሜላ ቤት መስኮቶች ተከፍተዋል። ውስጥ ሠርግ ነው፤ ጊታር ተይዞ ፍላሜንኮ የሚባለው የደቡብ ስፔን ባህላዊ ዘፈን ይዘፈናል፣ ጭብጨባ አለ፣ ያ ታዋቂው ጭፈራም እዚሁ ነው። ጭፈራው ሲያበቃ ሳሉድ መንገዱ ላይ ብቅ ትልና በመስኮቱ ፓኮን ከሙሽራዋ ጋር ታየዋለች። ያን ጊዜ ነው የቀጥቃጮቹን እንጉርጉሮ ከውጭ ሆና የምታንጎራጉረው። በኋላ ገብታ ሰው ሁሉ ፊት ታጋልጠዋለች። እሱ ይክዳታል። እግሩ ሥር ወድቃ ትሞታለች። ጩቤ የለ፣ መርዝ የለ። ርዕሱም የተወሰደው እሷው ከምትዘፍነው ቃል ነው፤ እየተሠቃየ የሚኖር ድሃ ሕይወቱ አጭር መሆን አለበት ትላለች።

ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ልጨምር። የፋያ መምህር ፌሊፔ ፔድሬል የስፔን ሙዚቃ መነሻው የሕዝቡ ዘፈን መሆን አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ ፋያም ይህን ከልቡ ተቀበለ። ግራናዳ ያለችበትን የአንዳሉሲያን ክልል የአዘፋፈን ጠባይ፣ የጊታሩን አመታት፣ ያንን ቁልቁል እየወረደ የሚያለቅስ ዜማ ለኦርኬስትራ ሰጠው። የሚገርመው ግን ኦፔራውን ሲጽፍ ግራናዳን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። በኋላ ግን ሄዶ ለዓመታት ኖሮባታል።

ሥራው በ1905 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ውስጥ በተደረገ የኦፔራ ውድድር አሸነፈ። ቢያሸንፍም መድረክ አላገኘም። ፋያ በ1907 ወደ ፓሪስ ሄደ፣ ኦፔራውም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኒስ ከተማ፣ ሚያዝያ 1913 ነው፤ ያውም በፈረንሳይኛ። ማድሪድ ያየችው በኅዳር 1914 ነው። ስለ ስፔን ድሃ ሰፈር የተሠራ ሥራ አገሩ ለመግባት ዘጠኝ ዓመት መጠበቁ ያናድዳል።

ርዝመቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መስማት ከፈለጋችሁ ጭፈራውን ቀንጭባችሁ አትጀምሩ፤ ከመዶሻው ጀምሩና ጭፈራው በራሱ ሰዓት ይምጣ።