ማጉያ የሌለን ሞገድ አይፈጥርም፤ ስለ ጣሪያ አንቴና የሚነገሩ ስህተቶች

ጣሪያ ላይ ስወጣ ከታች መሰላሉን የያዘልኝ ሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ጠንከር ያለ ማጉያ ብንጨምርበትስ?» ምስሉ ለምን እንደሚቆራረጥ ገና አላየሁም። አንቴናው ወዴት እንደዞረ እንኳን አላረጋገጥሁም። መድኃኒቱ ግን አስቀድሞ ታዟል። አንቴና መትከል ሥራዬ ከሆነ ወዲህ የዚህን እምነት ያህል ሰውን በከንቱ ገንዘብ ያስወጣ ነገር አላየሁም። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ለዲጂታል ስርጭት ዲጂታል አንቴና ያስፈልጋል» ይባላል። እንዲህ የሚባል አንቴና የለም። አንቴና ርዝመቱ ተለክቶ የተቆረጠ ብረት ነው፤ በሞገዱ ላይ የተጫነው ስርጭት ዲጂታል ይሁን አናሎግ፣ ምስሉ ተራ ይሁን እጅግ የጠራ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያንን የሚፈታው ቴሌቪዥኑ ወይም ሪሲቨሩ ነው። ዛሬም በየጣሪያው የምናየው ባለብዙ ዘንግ አንቴና ሺንታሮ ኡዳ እና ሂዴትሱጉ ያጊ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1926 ያስተዋወቁት ንድፍ ነው፤ ለዲጂታል ስርጭት የሚጎድለው ነገር የለም። ዘንጎቹ ያልተሰበሩ አሮጌ አንቴና ካለዎት ከመጣልዎ በፊት አዲሱን ሪሲቨር ሰክተው ይሞክሩት።

አንቴና የሚለየው ፍሪኩዌንሲን ነው፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የማይጻፈውም ይኸው ነው። በ600 ሜጋኸርዝ የሚሰራጭ ሞገድ ግማሽ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። በ200 ሜጋኸርዝ የሚሰራጨው ግን 75 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዋናው ዘንግ ሞገዱን በደንብ የሚይዘው ከዚህ ግማሽ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ነው። ስለዚህ የደብተር ያህል ስፋት ያለው አንቴና «ሁሉንም ይይዛል» ተብሎ ተገዝቶ የቪኤችኤፍ ጣቢያዎች (እንደ 200 ሜጋኸርዝ ባለው ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያሰራጩት) ሲቀሩ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት የሚፈልጓቸው ጣቢያዎች በዩኤችኤፍ (እንደ 600 ሜጋኸርዝ ባለው ከፍተኛው) ያሰራጩ እንደሆነ ወይም በቪኤችኤፍ ያጣሩ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቻናል ቁጥር ይህን አይነግርዎትም፤ ብዙ ጊዜ መጠሪያ ነው እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አያሳይም።

«ዘንጎቹ ቢተኙም ቢቆሙም ለውጥ የለውም።» አለው። ማሰራጫው ሞገዱን አግድም ከላከ ዘንጎቹ ይተኛሉ፤ ወደ ላይ አቁሞ ከላከ ይቆማሉ። ይህ ሲሳሳት 20 ዴሲቤል (የሞገድ ጉልበት ስንት እጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚለካበት መለኪያ ነው) ያህል ሊጠፋ ይችላል፤ ይኸውም ከመቶ እጅ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ጥሩ ምስል የሚያገኝ ጎረቤት ካለዎት ቀና ብለው የእርሱን አንቴና ይመልከቱ።

«ዲሽ ስላለኝ አንቴና አያስፈልገኝም፤ ዲሹ ይስበዋል።» ዲሽ የሚቀበለው ከሳተላይት የሚመጣውን እጅግ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ነው። መሬት ላይ ከቆመ ማማ የሚመጣውን አይቀበልም።

«ይህ አንቴና 300 ኪሎ ሜትር ይስባል።» ይህንን ሳነብ ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው የሚችል ውሸት ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ በቀጥታ ይጓዛል ማለት ይቻላል፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። የማሰራጫውን ከፍታ በሜትር ይውሰዱና ካሬ ሥሩን ያውጡ፤ የእርስዎንም አንቴና እንደዚሁ ያድርጉ፤ ሁለቱን ደምረው በ4.12 ያባዙ። በሜዳማ አገር 300 ሜትር ከፍታ ላለው ማማና 9 ሜትር ላይ ለተተከለ አንቴና የሚመጣው ቁጥር 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞገዱ ከራስ በላይ ያልፋል። አየሩ ልዩ ሁኔታ ሲይዝ የሩቅ ጣቢያ ለአንድ ምሽት ብቅ ሊል ይችላል፤ እርሱን አይቶ አንቴና የገዛ ሰው በማግስቱ ያዝናል። መካከል ላይ ኮረብታ ካለ ደግሞ 84ቱም አይገኝም።

«ዘንጉ በበዛ ቁጥር ይበልጣል።» በመጠኑ እውነት አለው፤ ነገር ግን የአንቴናውን ርዝመት እጥፍ ማድረግ ቢበዛ 3 ዴሲቤል ነው የሚጨምረው። በዚያ ላይ ረጅም አንቴና የሚያየው ጠባብ ስለሆነ ነፋስ ትንሽ ሲያዞረው ጣቢያው ይጠፋል።

አሁን ወደ ማጉያው እንምጣ።

ደፍራሽ ውሃ ያለበት ጉድጓድ ላይ ትልቅ ፓምፕ ቢተከል ደፍራሹ ውሃ በኃይል ይወጣል እንጂ አይጠራም። ማጉያም ከአንቴናው የመጣውን ነገር ሁሉ፣ ጣቢያውንም ረብሻውንም፣ እኩል ነው የሚያጎላው፤ ከራሱም ጥቂት ረብሻ ይጨምርበታል። ሪሲቨሩ ደግሞ ምስል የሚያወጣው ጣቢያው ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ አይቶ ነው። ይህ ልዩነት ከማጉያው በኋላ በአንዲት ዴሲቤል እንኳን አይሻሻልም። የሪሲቨሩን ማውጫ ከፍተው ሁለቱን መስመሮች ቢያዩ ነገሩ በዓይን ይታያል፤ አንደኛው የሲግናሉን ጉልበት፣ ሁለተኛው ጥራቱን ያሳያል። ማጉያ የመጀመሪያውን ያስረዝማል፤ ምስሉ የተንጠለጠለው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

አንድ ቤት ስጠራ ሦስት ማጉያዎች ተቀጣጥለው አገኘሁ። ጉልበቱ 95፣ ጥራቱ 18። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፤ «ልጄ፣ አራተኛውን ከገዛሁት ቆይቻለሁ፤ የሚሰካልኝ አጥቼ ነው» ብለው ሳጥኑን አቀበሉኝ። «አባባ፣ እስኪ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ልውጣ» አልኋቸው። አንቴናው ልክ ከብረት ውሃ ታንከር ጀርባ ተተክሏል። ማሰራጫው ደግሞ ከታንከሩ ወዲያ ነው። አንቴናው የቆመበትን ቱቦ ነቅዬ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ወሰድሁት፤ ሦስቱንም ማጉያዎች አወጣሁ። ጉልበቱ ወደ 60 ወረደ፤ ጥራቱ 80 ገባ፤ ምስሉ መቆራረጡን ተወ። አራተኛውን ሳጥን ወደ ሻጩ እንዲመልሱት መክሬ ወጣሁ።

የሚብሰው ማሰራጫው ከመስኮት በሚታይበት ቤት የሚገጠመው ማጉያ ነው። ብርቱው ሞገድ ማጉያውን ራሱን ያጥለቀልቀውና ጣቢያዎቹ እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ፤ የሞባይል ማማም ቅርብ ከሆነ ያንኑ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ቤት ሄጄ ማጉያውን ስነቅል ጠፍተው የነበሩት ቻናሎች ሁሉ የመጡበት ቀን አንድ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ማጉያ ጥቅም የለውም? አለው፤ ጥቅሙ ግን የጠፋውን ለመመለስ ሳይሆን የተገኘው በመንገድ እንዳይባክን ነው። ደህና በሚባል ኮአክሲያል ገመድ (ተራው ክብ የአንቴና ገመድ) ላይ 30 ሜትር ሲጓዝ የዩኤችኤፍ ሞገድ 5 ዴሲቤል ገደማ ያጣል፤ ከሦስት እጅ አንዱ ብቻ ደረሰ እንደ ማለት ነው። ለሁለት ቴሌቪዥን መከፋፈያ ሲገባበት ሌላ 3.5 ዴሲቤል ይሄዳል፤ ለአራት ከሆነ 7። ይህን ኪሳራ ለመሸፈን ማጉያው አንቴናው ሥር፣ ገመዱ ሳይጀምር መቀመጥ አለበት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካው ሞገዱ ገመዱ ውስጥ ከደከመ በኋላ ስለሚያገኘው ዘግይቷል። አንቴናው ሥር ያለው ማጉያ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በዚያው ገመድ ከታች ወደ ላይ በመሆኑ በመካከል ያለው መከፋፈያ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ከሆነ ማጉያው ይሞታል፤ የሞተ ማጉያ ደግሞ ከሌለው ይብሳል፣ መንገድ ይዘጋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሁኔታ የቆመ አግኝቻለሁ፤ ቤተሰቡ ጥፋቱን በአንቴናው ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ አንቴና ቀይሯል።

ማጉያ ያስፈልግዎት እንደሆነ የሚለይ ፈተና አለ። ትንሽ ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ወደ አንቴናው አቅርበው በሁለት ሜትር ገመድ ያገናኙት። እዚያ ምስሉ ጥርት ብሎ መጥቶ ሳሎን ሲደርስ የሚቆራረጥ ከሆነ ኪሳራው ገመዱ ላይ ነው፤ ማጉያ ይግዙ። እዚያም ከሌለ ማጉያ ብዙውን ጊዜ አያመጣውም፤ አንቴናውን ከፍ ያድርጉት፣ ያንቀሳቅሱት፣ ያዙሩት። ሲያዞሩም አይቸኩሉ። ጥቂት ዲግሪ ፈቀቅ ያድርጉና የጥራቱ መስመር እስኪረጋ ይጠብቁ። አንቴናው ከተነካ በኋላ ሪሲቨሩ ቻናሎቹን እንደገና እንዲፈልግ (ስካን እንዲያደርግ) ማዘዝ አይርሱ፤ ሪሲቨሩ የሚያሳየው ያስታወሰውን ብቻ ነው።

«ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል፤ ሞገዱን ዝናብ ይበላዋል።» ይህ ለዲሽ እውነት ነው። በዩኤችኤፍና በቪኤችኤፍ ላይ ግን ዝናብ የሚያደርሰው ጉዳት ከቁጥር አይገባም። የሚጎዳው ገመዱ ውስጥ የገባው ውሃ ነው። በቅርቡ አንዱን ኮኔክተር ስፈታው ሽቦዎቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተው ነበር፤ ገመዱን ጎንበስ ሳደርገው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ያንን ያህል ክፍል ቆርጬ በአዲስ ኮኔክተርና ውሃ በማያስገባ ጎማ አሰርሁት። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ እንዲመለስ አድርጉት፤ ውሃው ከጉብጠቱ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተልም።

«ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ካሰርሁ መብረቅ አይነካኝም።» ሽቦው የግድ ነው፤ ምሰሶው ላይ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክና በአካባቢው ከወደቀ መብረቅ የሚመጣውን ያወርዳል። በቀጥታ ለሚመታ መብረቅ ግን ዋስትና አይሆንም። ነጎድጓድ ከመሰማቱ በፊት ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ይንቀሉት፤ ከተሰማ በኋላ ግን አይንኩት።

አንድ የምማጸንበት ነገር ቀርቷል። «ቱቦውን በደንብ ከያዝሁት አይወድቅም» የሚል ሰው አይቻለሁ፤ ስድስት ሜትር ቱቦ ጫፉ ላይ አንቴና ተሸክሞ ነፋስ ሲያገኘው ሁለት ጎልማሶች አይመልሱትም። ከኤሌክትሪክ መስመር ያለው ርቀት ምሰሶው ከነአንቴናው ቢወድቅ ከሚደርስበት መብለጥ አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ምስሉ እዚያ ላይ የቱንም ያህል ቢጠራ እኔ አልተክልም።