የውስጥ ሰላም ምንድን ነው? (ምንም አለመሰማት አይደለም)

ሰሞኑን አንዲት ልጇን ያጣች እናት እያለቀሰች አንድ ሰው ጠጋ ብሎ "እምነትሽ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ውስጥሽ ሰላም ይሆን ነበር" ሲላት ሰማሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሊያጽናናት ፈልጎ ነው፣ ከልቡም ነው ያለው። ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ ምክንያቱም ይችኑ ነገር ሃይማኖት ከሌላቸው ሰዎችም በሌላ አነጋገር በየቀኑ ነው የምሰማት፤ "ሰላሜን የሚረብሽ ሰው ሁሉ ከሕይወቴ አስወጥቻለሁ"፣ "አሁን ምንም አይነካኝም፣ ሰላሜን አግኝቻለሁ"። አንዱ በእምነት ስም፣ ሌላው ራስን በመውደድ ስም፣ ሁለቱም የሚሉት ግን አንድ ነው፣ ሰላም ያለው ሰው አይረበሽም። እኔ የስነ ልቦና አማካሪ ነኝ፣ እዚች አባባል ላይ ተደናቅፈው የሚመጡ ሰዎችን አያለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ሳልናገር አላልፍም።

ጸሎት እንደሚረዳ፣ ማሰላሰል እንደሚረዳ፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ እንደሚያረጋጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እሱን እዘለዋለሁ። ቃሉ ላይ ግን ትንሽ እንቁም። ሰላም የምንለው ቃል ከዕብራይስጡ ሻሎም ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ እዛ ደግሞ ሥሩ የሚያሳየው ፀጥታን ሳይሆን ሙሉ መሆንን ነው፣ ምንም ያልጎደለበት እንደማለት። ዕዳ መክፈል ራሱ በዕብራይስጥ የሚወጣው ከዚሁ ሥር ነው፣ የጎደለው ሲሞላ ማለት ነው። ሙሉ ሰው ደግሞ ማዘንም መናደድም መፍራትም ያለው ሰው ነው፣ ከነዚህ አንዱን ስትቆርጥለት ሙሉ አታደርገውም፣ ታጎድለዋለህ።

"መጽሐፉ ልባችሁ አይታወክ ይላል እኮ" የሚለኝ ሰው አለ። አዎ ይላል፣ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14፣ ሰላሜን እሰጣችኋለሁ የሚለውም እዛው ነው ያለው። ግን ወንድሜ እስቲ ጥቂት ገጽ ወደኋላ ገለጥ አድርግ። ምዕራፍ 11 ላይ አልዓዛር ሞቶ እህቱ ስታለቅስ ሲያይ ኢየሱስ ራሱ ታወከ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶም አለቀሰ። ምዕራፍ 12 ላይ "አሁን ነፍሴ ታውካለች" ይላል፣ ምዕራፍ 13 ላይ እንደገና በመንፈሱ ታወከ። በግሪክኛው አራቱም ቦታ ላይ ያለው ግስ አንድ ነው፣ ታራሶ ነው የሚባለው፣ ማናወጥ ማለት ነው፣ ምዕራፍ 5 ላይ የመጠመቂያው ውኃ ሲናወጥም የተጻፈው በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ አትታወኩ ያለው ሰው ራሱ ሦስት ጊዜ ታውኳል፣ ጸሐፊውም አልደበቀውም። አትታወኩ ማለት አታልቅሱ ማለት ቢሆን ኖሮ ይሄ መጽሐፍ እርስ በርሱ ይጣላ ነበር።

ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች በጣም የሚወዱት አታራክሲያ የሚለው የግሪክ ፈላስፎች ቃልም የመጣው ከዚሁ ታራሶ ነው፣ አለመናወጥ ማለት ነው። ቃሉን ትልቅ ቦታ ከሰጡት አንዱ ኤፒኩረስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ነው የሞተው፣ አማልክት በሰው ጉዳይ አይገቡም፣ ነፍስም ከሥጋ ጋር ትጠፋለች የሚል ሰው ነበር። በመጨረሻው ቀኑ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሕመሙ ከዚህ በላይ ሊብስ እንደማይችል ይነግረዋል፣ ግን ድሮ አብረው የተጨዋወቱትን ሲያስታውስ የሚሰማው ደስታ ከሕመሙ ፊት ለፊት እንደቆመለት ይጽፋል። አላመመኝም አላለም። ሕመሙም አለ፣ ደስታውም አለ፣ ሁለቱም እዛው አንድ ሰው ውስጥ ናቸው።

እኔ ሰዎችን ሳማክር የምጠቀምበት ምሳሌ የሰውነት ሙቀት ነው። ድንጋይ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጠው ይግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ የራሴ የሚለው ሙቀት የለውም። ጤነኛ ሰውነት ግን ውጪው ቢሞቅም ቢበርድም ውስጡ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዴት ነው የሚጠብቀው? ዝም ብሎ አይደለም! ሲሞቀው ያልበዋል፣ ቆዳው ስር ያሉ የደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል። ላቡም መንቀጥቀጡም ሰውነቱ እንደተበላሸ የሚያሳዩ ነገሮች አይደሉም፣ ውስጡ የሚጠበቀው በነሱ ነው። እንባም እንደዛ ነው፣ ቁጣም ልክ ቦታው ላይ ሲሆን እንደዛ ነው። ያቺን እናት አታልቅሺ ማለት በቀትር ፀሐይ የሚሰራን ሰው ጤነኛ ብትሆን አያልብህም ነበር እንደማለት ነው።

ደግሞ ሌላም አለ። ሙቀት ያልለመደ ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሙቀቱ ውስጥ ሲሰራ በአንድ በሁለት ሳምንት ሰውነቱ ይለምዳል። ሲለምድ ማላቡን ያቆማል ብለህ ትጠብቃለህ አይደል? አያቆምም። እንደውም ከበፊቱ ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ በብዛትም ያልበዋል፣ ውስጡ ግን እንደ በፊቱ አይግልም። እኔ ሰላም አላቸው ብዬ የማስባቸው ሰዎች በትክክል እንደዚህ ናቸው፣ ቶሎ ያለቅሳሉ፣ ሲሳሳቱ ቶሎ ይቅርታ ይላሉ፣ ፈራሁ ለማለት አያፍሩም፣ ከዛ ደግሞ ወደ ስራቸው ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ ጥላ ስር የተቀመጠ ሰውም አያልበውም፣ ግን እሱን ሙቀት ለመደ አንለውም። የሚረብሸውን ሰው ሁሉ ብሎክ አድርጎ፣ ከባድ ወሬ ሲነሳ ተነስቶ እየወጣ፣ የታመመ ወዳጁን "ኢነርጂዬን ይወስዳል" ብሎ የማይጠይቅ ሰው ያገኘው ጥላ ነው፣ ጥላው የተነሳ ቀን ነው የሚታወቀው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ባልጨምር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። የሚደበድብሽን፣ የሚያስፈራራሽን፣ የሚያዋርድሽን ሰው ጥሎ መሄድ እኔ ከምለው ሽሽት ጋር ምንም አይገናኝም። እሳት ውስጥ ቆሞ ሙቀት እለምዳለሁ የሚባል ነገር የለም። አንዳንድ ሰባኪዎችም አንዳንድ አሰልጣኞችም "ውስጥሽ ሰላም ካለ የትም ትኖሪያለሽ" እያሉ ሰው እሳት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋሉ። በኛ ሙያ መንፈሳዊ ነገርን ከሕመም መሸሻ ማድረግን የሚገልጽ ቃል አለ፣ ጆን ዌልዉድ የሚባል የስነ ልቦና ሰው ነው በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው፣ በመንፈሳዊነት አቋርጦ ማለፍ እንደማለት ነው። እሱ ራሱ ማሰላሰልን የሚለማመድ ሰው ነበር፣ ጸሎትና ማሰላሰልን ለማጥላላት አልነበረም ያመጣው።

"እሺ ሁሉም ሰው የሚረበሽ ከሆነ ታዲያ ሰላም ያለውና የሌለው በምን ይለያሉ?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በጣም የቆየ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት አውሉስ ጌሊየስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ በመርከብ ሲሄዱ ከባድ ማዕበል ይመታቸዋል፣ አብሯቸው አንድ የታወቀ የስቶይክ ፈላስፋ (ሰው በስሜቱ እንዳይነዳ ከሚያስተምሩት ወገን) ነበር፣ ጌሊየስ እስቲ ይሄ ሰው እንዴት ነው የሚሆነው ብሎ ፊቱን ያያል፣ ፈላስፋው እንደሌሎቹ አይጮህም አያለቅስም፣ ፊቱ ግን እንደነሱ ገርጥቷል። ማዕበሉ ሲበርድ አንድ ሀብታም መንገደኛ መጥቶ "አንተ ፈላስፋ ሆነህ ፈራህ፣ እኔ እንኳን አልፈራሁም" ብሎ ይሳለቅበታል (ያቺን እናት የተናገራት ሰው አስተያየት ከዚህ ሰውዬ የተለየ አይደለም)። ፈላስፋው በኋላ ጌሊየስ ሲጠይቀው ከሻንጣው የስቶይኮቹን መምህር የኤፒክቴተስን መጽሐፍ አውጥቶ ያሳየዋል። እዛ ላይ የተጻፈው ምን መሰላችሁ፣ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ የጥበበኛም ልብ መንቀሳቀሱ አይቀርም፣ ፊቱም ይገረጣል፣ ያ በፈቃድ አይደለም የሚመጣው። ልዩነቱ ከዛ በኋላ ነው፣ ሞኝ የመጀመሪያዋን ድንጋጤ "አዎ፣ በቃ ያልቅልኛል" ብሎ ያጸድቃታል፣ ጥበበኛው ግን አያጸድቃትም።

እኔ የምሰራውም ስራ በአብዛኛው እዚች ጋ ነው። ድንጋጤው እንዳይመጣ አይደለም፣ ሲመጣ መሪውን እንዳይዝ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሰላም አለው ወይ ስባል የማየው ተረበሸ ወይ የሚለውን አይደለም፤ ተረብሾ እያለ ምን አደረገ፣ ሰው ላይ ጮኸ ወይስ ታገሰ፣ ለመመለስ ስንት ጊዜ ፈጀበት፣ ሲመለስስ ሰው መውደድ ይችላል ወይ፣ እነዚህን ነው።

ስሜትን አፍኖ ፊትን ፀጥ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሰላም የሚለው እሱን ነው። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን በ1993 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የሚሰቀጥጥ የሕክምና ፊልም አሳይተው ግማሾቹን ምንም ነገር ፊታችሁ ላይ እንዳይታይ አሏቸው። ፊታቸው ፀጥ አለ። የሚሰማቸው ስሜት ግን አልቀነሰም፣ እንደ እጅ ላብ ያሉ የሰውነት ምልክቶች ደግሞ ካላፈኑት ይልቅ ጨመሩ። (ላብራቶሪ ውስጥ፣ ተማሪዎች ላይ፣ በአጭር ፊልም የተሰራ ነው፣ ስሜትን ያለማሳየት ትርጉሙም ከባህል ባህል ስለሚለያይ ከዚህ ተነስታችሁ ዝምተኛ ሰው ሁሉ እየተሰቃየ ነው እንዳትሉ።)

"ታዲያ ሰላም የሚገኘው በሃይማኖት ነው ወይስ ያለ ሃይማኖት?" የሚለው ክርክር እኔን ብዙም አይስበኝም፣ ምክንያቱም ጥናቱም ስራዬም የሚያሳየኝ እምነቱ አለ ወይስ የለም ከሚለው በላይ እንዴት ነው የተያዘው የሚለው ለውጥ እንደሚያመጣ ነው። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል ተመራማሪ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ይሄንን ነው፣ ሰው መከራ ሲደርስበት እግዚአብሔር ከኔ ጋር ነው ብሎ ሲያምንና እግዚአብሔር እየቀጣኝ ነው፣ ትቶኛል ብሎ ሲያምን ውጤቱ በጣም ይለያያል፣ ሁለተኛው ከጭንቀትና ከባሰ ጤና ጋር ነው የሚሄደው። ሁለቱም ግን አማኞች ናቸው! ሃይማኖት የሌለው ሰውም እንዲሁ ነው፣ "በእጄ ያለውን እሰራለሁ፣ ያልሆነውን እተዋለሁ" የሚለውን አንዱ ለመጽናት ይይዘዋል፣ ሌላው ምንም ላለማድረግ። እዚህም ላይ የሙያዬን ጭንቀት ልናገር፣ ሃይማኖተኛ ሰዎች የተሻለ ደስተኛ ናቸው የሚሉ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ሰውን ራሱን ጠይቀው ነው የሚጽፉት፣ የሚረዳው እምነቱ ይሁን አብሮ የሚሰበሰበው ሰው ለመለየትም ከባድ ነው፣ ስለዚህ እነሱን ይዞ ሰው ላይ መፍረድ አይቻልም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቡድሂስት መምህር ቡድሃጎሳ እያንዳንዱ መልካም የልብ ሁኔታ ሩቅ ጠላትና ቅርብ ጠላት አለው ይላል። የተረጋጋ ልብ ሩቅ ጠላቱ መመኘትና መጥላት ነው፣ ያ ማንም ያየዋል። ቅርብ ጠላቱ ግን ግድ የለሽነት ነው፣ ቅርብ የተባለው ስለሚመሳሰሉ ነው፣ ከውጪ ሲታዩ ሁለቱም ፀጥ ያሉ ናቸው።

ወደ ሙቀቱ ምሳሌ ልመለስ። ብርድ የመታው ሰው መጀመሪያ በኃይል ይንቀጠቀጣል። ሰውነቱ ከ32 ዲግሪ በታች እየወረደ ሲሄድ ግን መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ አንዳንዱ እንደውም ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። ያኔ አጠገቡ ያለ ሰው "ጎሽ፣ ተሻለው" ካለ አለቀ። ወደ እኔ ከሚመጡት ውስጥ "አሁን እኮ ሰላም ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም፣ ማንም ቢመጣ ማንም ቢሄድ ግድ የለኝም" የሚሉ አሉ፣ ፈገግ ብለው ነው የሚሉት። ከዛ ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ፣ የምትወደውን ሙዚቃ መቼ ሰማህ? አላስታውስም። ምግብ ይጣፍጥሃል? እንደ ነገሩ። ለማን ደወልክ በዚህ ወር? ለማንም። ይሄ መንቀጥቀጡ የቆመ ሰው ነው። እንደዚህ አይነት ነገር ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባ፣ ዲፕሬሽን ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ጋ መታየት አለበት (ጽሑፍ አንብባችሁ ራሳችሁን አትመርምሩ፣ የኔንም ጨምሮ)። ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰውም አንዳንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሰላስል ከመረጋጋት ይልቅ ይብስበታል፣ ያ የእምነት ጉድለት አይደለም፣ ዓይን ገልጦ፣ ቆሞ እየሄዱ፣ ከሰው ጋር የሚሰራ ሌላ መንገድ አለ። ሰላሜን አገኘሁ ብላችሁም መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፣ የጻፈላችሁን ሐኪም አነጋግሩ።

ስለዚያች እናት። ነቢዩ ሙሐመድ ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሊሞት ሲያጣጥር እንባቸው ሲፈስ አንድ ባልደረባቸው "እርስዎም?" ብሎ ተገርሞ እንደጠየቃቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እንባው እዝነት መሆኑን ነገሩት፣ ከዛም ዓይን ያነባል፣ ልብ ያዝናል፣ የምንናገረው ግን ጌታችን የሚወደውን ብቻ ነው አሉ። እኔ ያን ቀን ይሄንንም ዮሐንስንም አልጠቀስኩላትም፣ ሰውየው እስኪሄድ ጠብቄ አጠገቧ ተቀመጥኩና የልጇን ስም ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፣ ከዛ ስለሱ ብዙ አወራችኝ፣ እያለቀሰች፣ መሃል ላይ ትንሽም እየሳቀች።