የከዋክብት ዱካ ፎቶ ኤዲት ሲደረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካሜራ በትራይፖድ አቁመን የሌሊቱን ሰማይ ለረጅም ጊዜ ስናነሳው ከዋክብት ነጥብ መሆናቸው ይቀርና መስመር ይሠራሉ። መስመሩን የምትስለው በሰዓት 15 ዲግሪ የምትዞረው ምድራችን ናት። ይህን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ስለማዘጋጀት ከጀማሪዎች ጋር ባወራሁ ቁጥር ተደጋግመው የሚነሱ አባባሎች አሉ፤ ብዙ ሰው ቀዝቃዛ ሌሊት ውጭ አድሮ ያመጣውን ፎቶ የሚያበላሹትም እነዚሁ ናቸው።

«እውነተኛው በአንድ ረጅም ሹተር የተነሳው ነው፤ ፍሬም መደራረብ ማጭበርበር ነው።»

በፊልም ዘመን አንድ ረጅም ሹተር፣ ማለትም የካሜራው መጋረጃ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚነሳ አንድ ፎቶ፣ ይሠራ ነበር። ዲጂታል ካሜራ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሹተሩ ክፍት ከሆነ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ይሞቃል፣ ፎቶው በኖይዝ (በተበተኑ ነጠብጣቦች) ይሞላል፣ ሰማዩም ይነጣል። ስለዚህ ባለ 30 ሰከንድ 120 ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) እናነሳና በፎቶሾፕ ወይም ስታርስታክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንደርባቸዋለን። «ላይትን» የሚባለው አደራረብ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ከ120ዎቹ ፍሬሞች ደማቁን ይመርጣል። ሌንሱ ውስጥ ያልገባ ብርሃን አይጨምርም። ጠፈርተኛው ዶን ፔቲት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያነሳቸውን የከዋክብት ዱካዎች የሠራውም የ30 ሰከንድ ፍሬሞችን ደራርቦ ነው።

«ሹተሩ በረዘመ ቁጥር ዱካው ይደምቃል።»

አይደምቅም፤ ኮከቡ አንድ ፒክስል (ፎቶው የሚሠራበት ትንሽ ነጥብ) ላይ ቆሞ አይጠብቅምና። በ14 ሚሊሜትር ሌንስና በ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም ያህል ስፋት ያለው) ካሜራ ፈጣኖቹ ከዋክብት አንድ ፒክስል ለማለፍ 6 ሰከንድ ገደማ ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ያለው ጊዜ የሚያደምቀው ሰማዩንና መሬቱን ነው። የዱካውን ድምቀት የሚወስኑት የሌንሱ መክፈቻና አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን የሚነቃበት መጠን) ናቸው።

«ዱካው ቢቆራረጥም ኤዲት ላይ ይሞላል።»

የ1 ሰከንድ ክፍተት በዚህ ሌንስ ከአንድ ፒክስል ስለሚያንስ አይታይም። የሚያስቸግረው ካሜራው ውስጥ ያለው የረጅም ሹተር ኖይዝ መቀነሻ ነው። እሱ ካልጠፋ ካሜራው ከእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ፎቶ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ሹተሩን ዘግቶ ይሠራል፤ የሌሊቱ ግማሽ ሳይነሳ ያልፋል፣ ዱካውም እንደ ስፌት ይበጣጠሳል። ስታርስታክስ ትንንሽ ክፍተት ይሞላል፤ ያልተነሳ ግማሽ ሌሊት ግን ከየት ይመጣል? ኖይዝ መቀነሻውን አጥፉት። በመጨረሻ የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ በዚያው ሴቲንግ ጥቂት ጥቁር ፍሬሞች አንሱ፤ ሲደረብ ሆት ፒክስሎቹ (ያለ ብርሃን የሚያበሩት ነጥቦች) በእነሱ ይቀነሳሉ።

«አውሮፕላን ያለፈበትን ፍሬም አውጥቶ መጣል ነው።»

ፍሬሙን ከጣላችሁት የሁሉም ኮከብ ዱካ በዚያው ቦታ ይቆረጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ እኔንም መጀመሪያ ሳውቀው በጣም ነው ያስደሰተኝ። ያንን ፍሬም ብቻ ክፈቱና አጉሉት፤ አውሮፕላኑ ጥሎት ያለፈው ቀጭን መስመርና ብልጭ ድርግም የሚለው መብራቱ በየርቀቱ የተወው ነጥብ ይታያል። በቀጭን ብሩሽ መስመሩን ተከትላችሁ ጥቁር ቀቡት። ላይትን ሁልጊዜ ደማቁን ስለሚመርጥ ጥቁሩን አይወስደውም፤ ቦታውን ከሌሎቹ ፍሬሞች ሰማይ ይሞላዋል። ሳተላይትም እንዲሁ ይጠፋል። ከ2019 ወዲህ የስታርሊንክ ኢንተርኔት ሳተላይቶች ስለበዙ ይህ ሥራ ከበፊቱ ረዝሟል፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ አይግረማችሁ።

«ያማረ ዱካ ነጭና ደማቅ ነው።»

ቤቴልጁዝ የተባለው ኮከብ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ቀይ ነው፣ ሪጀል የተባለው ሰማያዊ ነጭ። ዱካዎቹ ሁሉ ከነጡ የጠፋው ቀለም ኤዲት ላይ አይመለስም፤ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ አይኤስኦውን ዝቅ አድርጉ። ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን የቀለም ሚዛን) አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ 4000 ኬልቪን ላይ፣ አስራችሁ ሁሉንም ፍሬም በእኩል አስተካክሉ።

«ጥሩ የከዋክብት ዱካ ክብ መሆን አለበት።»

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ትምህርቱ የሚመጣው ከሩቅ ሰሜን ስለሆነ የእኛ ልጆች የራሳቸውን ሰማይ እንደ ጉድለት ያዩታል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ 39 ዲግሪ ላይ ነው፤ ላሊበላ ላይ 12 ዲግሪ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብትጨብጡ ከአድማሱ አንድ ጭብጥ ከፍ ብሎ ማለት ነው፣ ተራራ ካልከለለው። ስለዚህ አንድ ፎቶ በፎቶሾፕ አሽከርክሮ ከቤተ ጊዮርጊስ አናት በላይ፣ ሰማይ መሃል ሙሉ ክብ መሥራት ሐሰት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰማይ እዚያ የለም። ሙሉ ክብ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈልጋል፣ የእኛ ሌሊት ደግሞ 12 ሰዓት ገደማ ነው።

ይልቅ ካሜራውን ወደ ምሥራቅ አዙሩት። መሃል ላይ ያሉት ከዋክብት ቀጥ ብለው ለመውጣት ትንሽ ይቀራቸዋል፤ በስተ ግራ ያሉት ወደ ሰሜን፣ በስተ ቀኝ ያሉት ወደ ደቡብ ይጎብጣሉ። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ሌንሱ ያጣመመው መስሏቸው ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሊያቃኑት ይታገላሉ። ተዉት፤ ከምድር ወገብ አጠገብ ያለ ሰማይ እንዲህ ነው የሚወጣው።