መጽደቅ ምንድን ነው? ያቆጠቆጠ ሁሉ አልጸደቀም

ሰኔ ገባ ማለት «የቸከልነው ጭብሃ በሁለት ሳምንቱ ጸደቀ» የሚባልበት ወር መጣ ማለት ነው። ጭብሃ ከዋርካና ከሾላ ወገን የሆነ፣ ግንዱ ተቆርጦ እንደ ችካል የሚተከል ዛፍ ነው። ፎቶውም አብሮ ይለጠፋል፤ ክንድ ከሚያህል ግንድ አናት ላይ አምስት ስድስት ለጋ ቅጠል ብቅ ብሏል። ያ ግንድ አልጸደቀም፤ አቆጥቁጧል። መጽደቅ ማለት ሥር ሰዶ በራሱ ሥር መኖር ነው። ለማገዶ ተቆርጦ ደጅ የተጋደመ የጭብሃ ጉማጅም ዝናብ ካገኘው ያቆጠቁጣል፤ ጸደቀ የሚለው ግን የለም።

አንዱ ታዲያ «ሥር ሳያወጣ ቅጠሉን ከየት አመጣው?» ብሎ ሲሟገት ነበር። ከስንቁ ነዋ!

ወፍራም ግንድ ከእናት ዛፉ ሲለይ በእንጨቱና በልጡ ያጠራቀመውን ስታርች የተባለ ምግብና ውኃ ይዞ ይወጣል። በሶ በስልቻ፣ ውኃ በቅል ይዞ እንደተነሳ መንገደኛ ነው። እምቡጡ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ በሶው ተበጥብጦ ይጠጣል። ቅጠል የታየበት ቀን መንገደኛው የመጀመሪያውን ምሳ የበላበት ቀን ነው፤ አገሩ ገና አልገባም። ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ደግሞ ውኃው ይተናል፤ ቅሉ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ጣት የሚያህል ቁራጭ ስንቁ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይታወቅበታል፤ ወይ ሥር ይሰዳል ወይ ይደርቃል። ክንድ የሚያህለው ግን ያለ ሥር ሁለት ሦስት ወር ለምልሞ ሊቆም ይችላል። ትልቅ ቁራጭ የሚመረጠው ስንቁ ስለሚበዛ ነው፤ ሰውን ረጅም ጊዜ የሚያታልለውም በዚሁ ምክንያት ነው። መንገደኛ ስንቁ ሲያልቅ እንኳ ቤተ እግዚአብሔር ይላል፤ ግንድ ግን ደጅ አይጠናም።

የጎጃም ክረምት ደግሞ ማታለሉን ያግዛል። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ደመና፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሥር የሌለው ግንድ ቅጠል ውኃ ብዙ አይከስርም። በመስከረም ተቆጥሮ የሚጻፍ «የጽድቀት መጠን» የሚባለው ቁጥር እንግዲህ የቅጠል ቆጠራ ነው። እውነቱ የሚወጣው ሰማዩ ሲጠራና ፀሐይ ሲበረታ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የቁርጡ ቆጠራ በሚቀጥለው ግንቦት ይደረጋል። ሰውም ቢሆን ጻድቅ የሚባለው ሩጫውን ሲጨርስ ነው።

የጸደቀ ግንድ ቅጠሉ በቀትር አይጠወልግም፤ ከመጀመሪያው ቅጠል በኋላም ሁለተኛ ዙር ቡቃያ ያወጣል፣ ቡቃያውም ከስንዝር አልፎ ይረዝማል። ነቅንቆ መፈተሽ ክልክል ነው። አዲስ ሥር እንደ ክር ቀጭን ነው፤ «እስኪ ይዞ እንደሆን ልየው» ያለ ሰው የያዘውን ያስለቅቀዋል።

አተካከሉን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው የሚሳቱትን ብቻ ላንሳ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የሁለት ሦስት ዓመት ጤነኛ ቅርንጫፍ ይመረጣል። የሚቆረጠው እናቲቱ አዲስ ቅጠል ሳታፈነዳ ነው፤ ካፈነዳች በሶው እዚያው ቤት ተበልቷል። ላዩ ዝናብ እንዲያንሸራትት በሰያፍ፣ ታቹ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ይህ ዘቅዝቆ ከመትከልም ያድናል። የተዘቀዘቀ ግንድ ያቆጠቁጥ ይሆናል፤ ሥር አወጣጡ ግን የተበላሸ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ይራገፍ። ወተቱ መፍሰሱን አቁሞ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ሥር ይቆይ። የላዩ ቁስል በእበትና በጭቃ ይለሰን።

ጉድጓዱ በድጅኖ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፤ የግንዱ ሩብ ያህል መሬት መግባት አለበት። ችካል ስለተባለ ብቻ በመጥረቢያ ጀርባ እየመቱ ማስገባት ትልቁ ጥፋት ነው። ሥር የሚወጣው ከተቆረጠው ገጽ ብቻ ሳይሆን ከቅርፊቱ ጎንም ነው፤ ሲመታ ቅርፊቱ እንደ እጅጌ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ አናቱም ይሰነጠቃል። አፈሩ በየስንዝሩ እየተመለሰ በተረከዝ ይጠቅጠቅ፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ሥሩ አየር ላይ ይደርቃል። ጊዜው ዝናቡ ክንድ ያህል መሬት ሲያረጥብ ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ።

አፈር ይለያያል። የዳንግላና የቡሬ ቀይ አፈር ውኃ ስለሚያሳልፍ ይመቻል። የብቸናና የደጀን ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ግን በሐምሌ ውኃ አቁሮ የግንዱን እግር ያበሰብሳል፤ በኅዳር ደግሞ ተሰነጣጥቆ የተረፈውን ሥር ይበጥሳል። እዚያ ቁልል አፈር ላይ ወይም እርከን ጠርዝ ላይ መትከል ይሻላል። በመጀመሪያው በጋ በ15 ቀን አንድ ጀሪካን ውኃና የእሾህ አጥር ያስፈልጋል። ሰብል ተነስቶ ከብት ሲለቀቅ የቆመ ግንድ ለበሬ መታከኪያ ነው።

ከላይ የተባለው ሁሉ ለጭብሃ ነው። ዋርካና ባምባም ከግንድ ይያዛሉ፤ ሾላን ግን ከፍሬው ዘር ማፍላት ይመረጣል። ካልጠየቃችሁኝም ልናገር፦ ከግንድ የተተከለ ዛፍ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር የለውም፤ ሥሩ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ዋርካን ቤት ግድግዳ አጠገብ አትቸክሉ። የሚበላውን የውጭ አገር በለስ የምትተክሉ ደግሞ ቁራጩን ፍሬዋ ከተቀመሰ ዛፍ ውሰዱ። በለስ ወንድና ሴት አለው፤ ቁራጭም የእናቱን ጾታ ይዞ ይወጣል።

የደረቀውን በግንቦት ዝም ብሎ መንቀል ሳይሆን እግሩን ማየት ነው። ጠቁሮ የሚያሙለጨልጭና የሚሸት ከሆነ የገደለው ውኃ ነው። የአፈር ቱቦ ከተለጠፈበት ምስጥ ነው። ቅርፊቱ ተሰብስቦ እንጨቱ ከተራቆተ መጥረቢያው ነው። የተበጣጠሰ ክር ሥር ከታየ ጀምሮለት ነበር፤ በሬ ታክኮበታል ወይም ሰው ነቅንቆታል። እግሩ ላይ ነጭ እብጠት ብቻ ካለና አንድም ሥር ከሌለ፣ ቁስሉን ሲያሽር ስንቁ አልቆበታል፤ ለከርሞ ወፈር ያለ ግንድ፣ ቀደም ብሎ።